ባሂራ ያልተነሳችበት ቀን

እኔ ወሬ አልወድም። ወሬ ነው እኔን የሚወደኝ፤ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቀመጣል። ይሄኛው ግን ከገዛ ቤቴ የወጣ ነው። ሌላ ሰው አበላሽቶ ሳያወራችሁ ከኔ ስሙት።

ባሂራ የልጄ ልጅ ናት። እናትና አባቷ ከሞቱ ወዲህ እሷንና ታናሿን ሃፊዛን ቡታጅራ ዳር፣ በዚች ጎጆዬ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳቸው። ሙከሚል ደግሞ የሀጂ ሸምሶ ልጅ ነው። ሀጂ ሸምሶ ማለት ከቆሼ ገበሬ የሚወጣው በርበሬ በሱ መጋዘን ሳያልፍ አዲስ አበባ የማይገባ ሰው ነው። ባሂራ እዚያ መጋዘን ዛላ ትቀነጥስ ነበር። ሴቶቹ ምንጣፍ ዘርግተው መሬት ላይ ክብ ይቀመጣሉ፣ ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ ያስራሉ፤ ከፊታቸው ዓይን ብቻ ነው የሚቀረው። ሙከሚል ሚዛኑ ጋ ቆሞ ያንን የቀረውን ዓይን ያይ ነበር። ሲያይ ያስነጥሰዋል። ሴቶቹ፣ "በርበሬው ነው ወይስ ባሂራ ናት የምታስነጥስህ?" ይሉታል። "በርበሬው ነው" ይላል፣ ጆሮው እየቀላ። የፍቅራቸው መጀመሪያ ይቺው ናት።

የባለመጋዘን ልጅና የዛላ ቀንጣሽ። ከተማው ምን እንዳለ መገመት ነው። እሱ ግን አልሰማም። ለአረፋ እናቱን መሕቡባን ለምኖ ለምኖ አሳመናት። "መጥታ ትታይ፤ ከወደድኳት አባትህ ሽማግሌ ይልካል" አለች። እኔም ያለችኝን ደህና ነጠላ ለብሼ ባሂራን ይዤ ሄድኩ።

የሀጂ አዲሱ ቤት ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ሰው ፊቱን ያይበታል። ሶፋው ሰው ይውጣል። ስቀመጥበት ጉልበቴ ከአፍንጫዬ እኩል ሆነ።

"መሕቡባ፣ ይሄ ሶፋ ነው ጉድጓድ?" አልኳት። ሳቀች። እኛን አይታ የሳቀችው ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ምሳ ሳይቀርብ ሀጂ ሸምሶ ከመስጊድ ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። እኔ እንኳ በዚህ ጉልበቴ የሶፋውን ክንድ ይዤ፣ አላህን ጠርቼ ተነሳሁ።

ባሂራ አልተነሳችም።

እኛ አገር ሽማግሌ ሲገባ ልጅ ያቀፈች አራስ እንኳ ለመነሳት ትጣደፋለች፤ "አትነሺ" የሚላት ሽማግሌው ነው። ቁጭ ብላ የቀረች ልጃገረድ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ጣቶቿ የሶፋውን ጨርቅ ጨምድደው ነጭ ሆነዋል። ተቆጥታ መሰለኝ። ቀና ብላ ሙከሚልን አየችው። ዓይኗ ይለምነዋል። እሱ ግን ያንን ዓይን ማንበብ የተማረው ለፍቅር ብቻ ነው፣ ለጭንቅ አልተማረም። ፊቱን አዞረ።

መሕቡባ፣ "ልጅቷ ወንበሩን ወደደችው መሰለኝ። ገና ሳትገባ ተደላደለች" አለች።

ሀጂ የሁሉንም እጅ ሲጨብጥ እሷን አልፏት ሄደ። አንገቷን ደፍታ ቀረች። እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ እሷን ግን ያ ሶፋ ቀድሞ ውጧታል።

ወንዶቹ ለምሳ ወደ ሌላው ክፍል ሲያልፉ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተንሸራተተች፣ ጠረጴዛውን ተመርኩዛ ተነሳች። እኔ ያን ጊዜ ነጠላዬን እየፈለግኩ ነበር፤ በደንብ አላየሁም። ባጃጅ ውስጥ ስንመለስ "ምን ሆነሽ ነው?" ብላት ውጭ ውጭውን አየች።

ሙከሚል ማታውን በስልክ ጻፈላት። ማንበብ ስለማልችል ሃፊዛ ነች ሹክ ያለችኝ። "አባቴ ምን አጠፉ?" ይላል። ባሂራ፣ "ምንም። ይቅርታ በልልኝ" ብላ መለሰች። እሱም፣ "ይቅርታ በስልክ? መነሳት አቅቶሽ?" አላት።

ለአሽሙር የጻፋት ቃል ናት። እውነቱ ግን ራሷ ነበረች። ባሂራ ስልኩን ደረቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ በኋላ አልመለሰችለትም፤ እሱም አልጻፈም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልብስ ስትቀይር ሳላስበው ገባሁባት። ጭኗን አየሁት። ቀጥኖ የሃፊዛን ክንድ አክሏል። ያ ሁሉ ረጅም ቀሚስና ጅልባብ ምን ሸፍኖ እንደኖረ ያኔ ገባኝ። ትከሻዋም አልቋል፤ ለካ ሻሽ ስታስር ክርኗን ግድግዳ ላይ የምታሳርፈው ለዚህ ነው። መጋዘንም ስትውል ውላ ሴቶቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ነው ጆንያ ተደግፋ የምትነሳው። እቤት ደግሞ የጎጆውን ምሰሶ አቅፋ፣ እጆቿን እያፈራረቀች፣ ዛፍ እንደሚወጣ ሰው ነው የምትቆመው። ምሰሶው ከወገብ በታች ለስልሶ ያበራል። እኔ ጎረቤት ውስጥ ማን ምን እንደበላ የማውቀው ሴትዮ የገዛ ምሰሶዬን አላየሁትም።

"የሀጂ ቤት ምሰሶ የለውም፣ አያቴ" አለችኝ።

"ልጄ፣ ለሙከሚል ንገሪው እንጂ።"

"እንዲህ ያለ በሽታ በዘር ነው ይላሉ። ሃፊዛን ማን ያገባታል? እኔን ኩራተኛ ይበሉኝ። ኩራተኛ ይጠላል እንጂ አይታዘንለትም።"

በቁርኣን አስማለችኝ። የኔን ምላስ ማስማል እሳትን በጨርቅ መጠቅለል ነው፤ ግን ማልኩ።

ጎረቤታችን ብርቄ፣ "ሰውነቷ ደክሞ ነው፣ ትተኛ፤ ቅቤ ትጠጣ፤ እግሯን መሬት እንዳታስነኪያት" አለች። እኛ አገር ለደከመ ሰው ፍቅራችን እንደዚህ ነው፤ አስተኝተን፣ ሸፋፍነን፣ ቅቤ እናፈስበታለን። ባሂራም ተኛች። ቅቤው ሆዷ ላይ ቀረ፣ እግሯ ጋ አልደረሰም። ከመተኛቷ በፊት ተንጠልጥላም ቢሆን ትነሳ የነበረችው ልጅ፣ ከመኝታዋ ስትወጣ ምሰሶውም አላዳናትም። አንድ ቀን ቆጮ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። መዋጥ አቃታት፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ጀርባዋን እየመታሁ አስተፋኋት። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ በአገና በኩል አድርገን አታት ሆስፒታል ወሰድኳት።

ዶክተሩ አምሀ ይባላል፣ የሰሜን ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ። "እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪና ተነሺ" አላት። አልቻለችም። ደም ተቀዳ። ከጭኗም ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ። መልሱ ሲመጣ እኔ ነኝ የጠየቅኩት።

"ዶክተር፣ ሥጋ እንዴት ከሰው ላይ ይጠፋል? ሌባ ገባ እንዴ?"

"እማማ፣ ጡንቻ በብዙ በር ይወጣል። ምግብ ካነሰው ይወጣል። ሰው ብዙ ከተኛ ይወጣል። ነርቭ ሲጎዳ፣ እንቅርት ሲረብሽ፣ በዘርም፣ በእርጅናም ይወጣል።"

"እርጅና ስትል እኔን አትየኝ።"

ፈገግ አለ። "የሷ ሌላ ነው። ሰውነት ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ አለው። የሷ ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ጡንቻዋን እየደበደበ ነው።"

"ታዲያ ይባረራ።"

"ያለሱ ጉንፋን ይገድላታል። በክኒን ነው የምናበርደው። ክኒኑ ፊቷን ያሳብጣል፣ አጥንትና ስኳርም ይነካል፤ እየተመላለሰች እናያታለን። በራሷ ጊዜ ካቋረጠችው ግን ትወድቃለች። ደግሞ ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር አሁን እርግዝና አይታሰብም።"

ባሂራ አንገቷን ሳታነሳ፣ "በዘር ነው?" አለች።

"አይደለም። ለእህትሽ አታስቢ።"

ታማ ያላለቀሰችው ልጅ እዚያ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ፣ "ጡንቻዬ ይመለሳል?" አለችው። ዶክተሩ አልዋሻትም። "የቀረሽን እናድናለን። ከሄደው ግማሹ ሊመለስ ይችላል። ሁሉም አይመለስም" አላት። ሰው በሕይወቱ እያለ የግማሽ ሰውነቱን መርዶ ሲቀበል ያየሁት ያኔ ነው።

እዚያው ሆስፒታል ስፖርት የምታሠራት ፀጋ የምትባል ልጅ ናት። ስለ ቅቤው ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። "እማማ፣ መተኛት ሁለተኛው በሽታ ነው። ያልሠራ ጡንቻ ይሄዳል። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ወተት፣ ሲገኝ ሥጋ ስጧት፤ ጨው ቀንሱ። እየደጋገመች ትነሳ፣ ትቀመጥ። እስኪያማት ሳይሆን እስኪከብዳት።" ወንበሩን በጡብ ከፍ አድርጋ አስነሳቻት። ከፍ ካለ ቦታ መነሳት ይቀላል። "ስትበረቺ አንድ አንድ ጡብ እየቀነስን እንወርዳለን" አለቻት። እኛ ቤት ጡብ የለም፤ የበርበሬ ጆንያ ነው ያለው። አጣጥፈን አጣጥፈን በርጩማው ላይ ቆለልንላት።

ስንመለስ ግን ሃፊዛ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ፊቷን ሳይ ወሬ እንዳለ አወቅኩ። ሀጂ ሸምሶ ወልቂጤ ካለው ወዳጁ ጋር ቃል ተሳስሯል። ሙከሚል ናጃህ የምትባለውን የወዳጁን ልጅ ሊያገባ ነው። ኒካው ለመስከረም።

"አሁንስ ልንገረው?" አልኳት። "በዘር አይደለም ተብሏል፤ ከመሐላው ፍቺኝ።"

"እኔ ነኝ የምነግረው። ቆሜ። አባቱ ፊት ሳልነሳ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ተኝቼ 'ታምሜ ነው' ብለው ምሕረት ልመና ይሆናል። ከዚህ በርጩማ ተነስቼ፣ በእግሬ መጋዘኑ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ። እስከ መስከረም እደርሳለሁ።"

እንዲህ ሆነና ልጄ ከኒካ ጋር እሽቅድምድም ገጠመች። ጠዋት ጠዋት ክኒኗን ከምግብ በኋላ ትውጣለች፣ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፣ እጇን ታጣምራለች፣ ትነሳለች። ትወድቃለች። ላቧን ትጠርጋለች። "የኔ ሆድ፣ ይብቃሽ" ስላት፣ "ሙከሚል አሁን ሚዛኑ ጋ ነው" ትለኛለች፣ እሷ ስትነሳ እሱ የሚያያት ይመስል። ጉሮሮዋ ተከፈተ፣ ቆጮ በላች። አንዷ ጆንያ ወጣች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላዋ። አንዳንድ ሳምንት ደግሞ የወጣችው ጆንያ ተመልሳ ትገባለች። ሁለት ሲቀሩ ግን ምሰሶውን ሳትነካ ተነሳች። ሃፊዛ እልል ልትል አፏን ስትከፍት በእጄ ከደንኩት፤ ለእልልታው ገና ነው።

መስከረም ግን አልጠበቃትም። የናጃህ አባት ለዑምራ ሊሄድ ነው ተብሎ ኒካው ወደ ነሐሴ ተሳበ፤ አንድ ጁምዓ ወልቂጤ ላይ ታሰረ። እኛ የሰማነው በማግስቱ ነው። ባሂራ ያን ቀን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች ዋለች። ለመነሳት አልሞከረችም። ያችን ቀን ከሁሉ ቀን አብልጬ ፈራኋት።

ከዚያ ገበያ ወጣሁ። በርበሬ የምትቸረችረውን ሳፊያን ታውቋት ይሆናል፤ ባታውቋትም እሷ ታውቃችኋለች። ፊቷን በሻሿ ከልላ፣ "ባሂራ ወፈረች አሉ። ፊቷ ሙሉ ጨረቃ አክሏል። ወሯ ገብቷል ይላሉ፤ ከማን ነው?" አለችኝ።

የክኒኑ እብጠት መሆኑ ነው። ልጄ እግሯ እየቀጠነ ፊቷ ስለሞላ፣ ቡታጅራ ቁጭ ብላ አስረገዘቻት። ሙከሚልም ይህንኑ ሰምቶ ይሆናል ስል ደሜ ፈላ። መሐላዬ ትዝ አለኝ። አላህ መሐሪ ነው፤ ሳፊያ ግን ምሕረት የላትም። አሁን ደግሞ በእሷ ምሕረት ማጣት ልጠቀም ነው አልኩ።

ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አልኩ። "ሳፊያ፣ ላንቺ ብቻ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ" ብዬ የአረፋውን ቀን፣ ምሰሶውን፣ ዘበኛውን፣ ክኒኑን፣ ጆንያውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። "ወላሂ ከዚህ አይወጣም" አለችኝ፣ ሸቀጧን መሸፈን እየጀመረች። ያው ዕለት ከአሱር ሶላት በፊት ወሬው መጋዘን ደረሰ።

ሙከሚል ጎንበስ ብሎ በዚች ዝቅተኛ በሬ ሲገባ እጅጌው ላይ የበርበሬ ብናኝ ነበረ። ሰላም አለኝና ቆመ። ባሂራ በርጩማዋ ላይ ናት። ከተለያዩ ወዲህ አላያትም። ያበጠውን ፊቷን አየ፣ ሁለቱን ጆንያዎች አየ፣ የለሰለሰውን ምሰሶ አየ። ሃፊዛን በዓይኔ አስወጣኋት። እኔ ግን አልወጣሁም፤ እንዴት ልውጣ?

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"ቆሜ ልነግርህ ነበር።"

"ቁጭ ብለሽስ ብትነግሪኝ?"

"ቁጭ ብዬማ ነግሬሃለሁ። አረፋ ዕለት፣ በዓይኔ።"

መሬት ላይ ተቀመጠ። ያ ነጭ ሱሪው አመድ ነካው።

"ያ የጻፍኩልሽ... 'መነሳት አቅቶሽ' ያልኩሽ..."

"አላጠፋኋትም። ከጻፍክልኝ ሁሉ እውነቷ እሷ ናት።"

ከዚያ ሙከሚል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሸሪዓው ይፈቅዳል" አለ።

"ምኑን?"

"ሁለተኛ... ሁለተኛ አድርጌ ላግባሽ። አባቴን እለምናለሁ። ቤት እሠራልሻለሁ፤ ምሰሶ ያለው።"

ልቤ "'እሺ በይው' በያት" አለኝ። አልዋሽም፤ ከኔ በኋላ ማን ያነሳታል ብዬ ነው። ባሂራ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ያለውንም የጎደለውንም እየዳሰሰች ቆየች።

"ናጃህ ምን አጠፋች? ሂናዋ እንኳ ገና አለቀቀም።"

"እሷን አላውቃትም፣ ባሂራ። አባቴ በንዴት ያሰሩት ነው።"

"እኔንም በንዴት ነው የተውከኝ። አሁን ደግሞ በሐዘኔታ ልታገባኝ ነው።" ድምጿ ተሰበረ፣ ግን አልቆመም። "ሙከሚል፣ እወድሃለሁ። መጋዘን ውስጥ ስታስነጥስ ጀምሮ ነው የምወድህ። ግን ግማሽ ጭን ስለቀረኝ ግማሽ ባል ይበቃታል አትበል።"

እንዲያ ያለ ጎልማሳ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል። ወሬ የምወድ ሴትዮ፣ ያችን ሰዓት ጆሮዬን ብደፍን ደስ ባለኝ።

በር ላይ ከዘራ ተሰማ። ሀጂ ሸምሶ ነው። ወሬው እሱም ጋ ደርሷል። ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፣ ያን ቀን ያረጀውን ያህል አርጅቶ አይቼው አላውቅም።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ።

ሙከሚል ብድግ አለ። እኔም ተነሳሁ። ባሂራ አልተነሳችም፤ ሰላምታውንም አልመለሰችም። እጇ ወደ ምሰሶው ሄደ፣ ሊነካው ሲል መለሰችው። ሁለቱን እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች።

መጀመሪያ ከፍ ብላ ተመልሳ ቁጭ አለች። ሙከሚል ሊይዛት ሲራመድ፣ "እንዳትነካኝ" አለችው።

"አትነሺ ልጄ፣ ሰምቻለሁ" አለ ሀጂ።

"ይጠብቁኝ፣ ሀጂ።"

ጠበቃት። ያ የበርበሬ ዋጋ ሲወድቅ እንኳ የማይጠብቅ ሰው፣ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ላቧ ካበጠው ጉንጯ ላይ ወረደ። ዳግመኛ ቁጭ አለች። እኔ በልቤ ቁርኣን መቅራት ያዝኩ። እንደገና ጎንበስ አለች፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብላ፣ ማንም ሳይዛት፣ ምንም ሳትይዝ፣ ቆመች።

"ወአለይኩም ሰላም፣ ሀጂ" አለች።

ቀርቦ መዳፉን ራሷ ላይ አደረገ። "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አላት።

"አውፍ ብያለሁ።"

"ቃሌ ወልቂጤ ገብቷል። የሰው ልጅ ቤቴ ገብታለች።"

"አውቃለሁ። በደንብ ያኑሯት።"

አባቱ ቀድሞ ወጣ። ሙከሚል በሩ ላይ ዞር ብሎ አያት። እሷ እንደቆመች ናት። በዓይኗ አንድ ነገር ነገረችው። አሁንስ ማንበብ ተምሯል፤ ያልተመለሰው ገብቶት ነው።

"ተቀመጪ፣ የኔ ሆድ" አልኳት።

"ትንሽ ልቁም፣ አያቴ።"

እግሩ ከደጃፋችን እስኪርቅ፣ የመጡበት ባጃጅ ድምፅ እስኪጠፋ ቆመች። ከዚያ እንደ ወደቀ ነገር ተቀመጠች። ጉልበቷ ገና ይንቀጠቀጣል። እቅፍ አደርጋታለሁ ብዬ ስጠጋ፣

"አንዷን ጆንያ አንሺልኝ" አለችኝ።

አነሳኋት። ሳራግፋት ብናኟ ተነሳና አስነጠሰኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ቀና ስል የሷም ሞልቷል።

"በርበሬው ነው" አልኳት።

"በርበሬው ነው" አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ እያጣመረች።